ሕመሙ የሚወስደውና እኛ የምንወስድበት

(በእድራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ያደረግሁት ንግግር፣ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

የተከበራችሁ የእድራችን ዳኛና የሥራ አመራር አባላት፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤

ስለ አእምሮ ሕመም ንግግር አድርግ ስባል ብዙ ጊዜ የሚጠበቅብኝ የሕመሞቹን ስምና ምልክት ተራ በተራ መዘርዘር ነው። ያንን ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ወረቀት ማንበብ ይቻላል። ዛሬ ላነሣላችሁ የፈለግሁት በአእምሮ ሕክምና ነርስነት ስሠራ ከምንም በላይ የሚያንገበግበኝን ጉዳይ ነው። ሰው ሲታመም ሕመሙ ራሱ የሚወስድበት ነገር አለ፤ እንቅልፉን ይወስዳል፣ ሐሳቡን ይበትናል፣ አንዳንዴም እውነቱን ከሌለው ነገር የሚለይበትን ችሎታ ለጊዜው ይነሣዋል። ይህ ከባድ ነው፤ አላቃልለውም። ከዚያ በኋላ የሚመጣው፣ በዙሪያው ያለነው ሰዎች የምንወስድበት፣ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይበልጣል። ዕድሜውን እንወስድበታለን። ሥራውን፣ ድርሻውን፣ በቤቱ ውስጥ የነበረውን ቃል እንወስድበታለን። አብዛኛውን የምናደርገውም ከፍቅርና ከፍርሃት ተነሥተን ነው።

የነገሩን ስፋት በአጭሩ ልናገር። የዓለም ጤና ድርጅት የ2019 እ.ኤ.አ. መረጃን ይዞ እንዳሰላው፣ በዓለም ላይ ከ8 ሰዎች አንዱ ከአንድ ዓይነት የአእምሮ ሕመም ጋር ይኖራል። የሚበዙት የጭንቀትና የድባቴ ሕመም ያለባቸው ናቸው። ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው ከባዱ ሕመም የሚታየው ከ300 ሰዎች በአንዱ ገደማ ላይ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ አንድ ሰው ሲታመም ግን የሚታመሰው ቤቱ በሙሉ ነው። እዚህ ከተቀመጥነው መካከል ይህንን በራሱ ቤት የሚያውቅ እንዳለ አውቃለሁ፤ ማን እንደሆነ አልጠይቅም።

ድባቴ እኛ ዘንድ ሲመጣ «ከፍቶኛል» ብሎ የሚመጣው ጥቂት ጊዜ ነው። ጨጓራ ሆኖ ይመጣል። ራስ ምታት፣ የወገብ ሕመም፣ «ሰውነቴን ያቃጥለኛል»፣ «ልቤ ድው ድው ይላል» ሆኖ ይመጣል። አንድ እናት ለዓመታት የጨጓራ መድኃኒት ሲውጡ ኖረው፣ አንድ አስተዋይ ጤና መኮንን ወረቀቱን አስቀምጦ «እናቴ፣ እንቅልፍዎስ እንዴት ነው? በፊት ደስ የሚልዎ ነገር አሁንም ደስ ይልዎታል?» ቢላቸው ነው እንባቸው የመጣው። ቡና ማፍላት ካቆሙ ቆይተዋል። ጎረቤት ሲጠራቸው «አሞኛል» ይላሉ፤ በር ዘግተው ይተኛሉ፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን ዓይናቸው ፈጦ ይነጋል። የተመረመረው ሆዳቸው ነበር፤ ይህንን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ደስታ ማጣቱ፣ ድካሙ፣ የእንቅልፉና የምግቡ መዛባት ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየና ሰውን ከሥራው ከያዘው፣ ይህ የሚታከም ሕመም ነው። በምክር ይታከማል፣ በመድኃኒትም ይታከማል። መድኃኒቱ ሥራውን ለማሳየት ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈልጋል፤ ብዙ ሰው ግን በአምስተኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብሎ ይተወዋል። ሌላው ደግሞ በወሩ ሲሻለው ያቆመዋል፤ ሕመሙም ይመለሳል። ከተሻለ በኋላም ቢያንስ ስድስት ወር ያህል መቀጠል አለበት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ሰው «ብሞት ይሻለኛል» ሲል «አፍህን ያዝ፣ እግዚአብሔር ይቆጣል» ብለን ዝም እናሰኘዋለን። ዝም ሲል ሐሳቡ ለቀቀው ማለት አይደለም፤ ብቻውን ይዞት ይሄዳል። በቀጥታ ጠይቁት። «ራስህን ስለመጉዳት ታስባለህ?» ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልበትም፤ ይህ በጥናት ደጋግሞ ተረጋግጧል። አዎ ካለ ብቻውን አትተዉት፤ የአረምና የተባይ መርዝ፣ የተከማቸ መድኃኒት ከቤት ይውጣ፤ በዚያው ቀንም ጤና ተቋም ይድረስ።

አሁን ወደ ከባዱ ሕመም ልምጣ፤ ዛሬ ረዘም አድርጌ ልቆይበት የምፈልገው እሱ ላይ ነውና።

አንድ ወጣት አለ። ታሪኩን እንድናገር ፈቅዶልኛል፤ ስሙንና ሰፈሩን ግን ለራሱ እተውለታለሁ። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሦስተኛ ዓመት ደርሶ ነበር። መጀመሪያ እንቅልፍ ጠፋ። ቀጥሎ ከጓደኞቹ ራቀ፣ ገላውን መታጠብ ተወ፣ ውጤቱ አሽቆለቆለ። ቤተሰቡ «ትምህርቱ ከብዶት ነው» አሉ፤ የሠፈሩ ሰው «ሴት ናት» አለ። ለዕረፍት ቤት ሲመጣ የክፍሉን መስኮት በጋዜጣ ሸፈነ። የእናቱን ስልክ ውኃ የተሞላ ባልዲ ውስጥ ከተተ፤ በስልኩ እየሰለሉት እንደሆነ እርግጠኛ ነበር። ጎረቤት ሲያስል ለእሱ የተላከ ምልክት ነው፤ ዜና አንባቢው ትንፋሽ ሲወስድ ለእሱ የተተወ መልእክት ነው። የሁለት ሰዎች ድምፅ የሚያደርገውን ሁሉ እየተከታተለ ሲነጋገርበት ይሰማዋል፤ «ተነሣ፣ ይኸው ተነሣ፣ ይኸው በሩን ሊከፍት ነው» እያሉ። እናቱ ምሳ ሲያቀርቡለት በፍርሃት ይንቀጠቀጥ ነበር። ከውጭ ሲታይ ልጁ አስፈሪ ሆኗል። ከውስጥ ግን ከእሱ በላይ የፈራ ሰው በዚያ ቤት አልነበረም።

ምን ሆኖ ነው? አንጎላችን በየቅጽበቱ ከሚደርሰው እልፍ ነገር ውስጥ የትኛው እንደሚመለከተን መርጦ «ይህንን ልብ በል» ይለናል። ለዚህ ሥራ ከሚያገለግሉት ኬሚካሎች አንዱ ዶፓሚን ይባላል። በዚህ ሕመም ጊዜ ያ ምልክት ያለ ቦታውና ከልክ በላይ ይወጣል። ስለዚህ ሳሉም፣ የመኪናው ጥሩምባም፣ የሰው አስተያየትም ትርጉም የተሸከመ ይሆንበታል፤ አእምሮው ያንን ለማስረዳት ሲጥር «እየተከታተሉኝ ነው» የሚለው ታሪክ ይሠራል። ከራሱ አንጎል የሚመነጨው ድምፅም ከውጭ እንደመጣ ሆኖ በጆሮው ይሰማዋል። ለዚህ ነው መከራከር የማይጠቅመው። «ማንም የለም፣ ዝም ብለህ ነው» ስትሉት በጆሮው የሰማውን ነው የምትክዱት። እኔ ለቤተሰብ የምመክረው እንዲህ እንዲሉት ነው፦ «አንተ እንደምትሰማ አምናለሁ። እኔ አይሰማኝም። ግን ስትፈራ ማየት አልቻልኩም፤ አብረን እርዳታ እንፈልግ።»

ይህ ሕመም በአንድ ምክንያት ብቻ አይመጣም። በዘር የሚወረስ ዝንባሌ አለ፤ በእርግዝናና በወሊድ ጊዜ የሚደርስ ጉዳት አለ፤ ካናቢስ፣ ማለትም ሐሺሽ፣ አዘውትሮ መውሰድ አለ፤ ከባድ የኑሮ መከራም አለ። «በዘር» የሚለው ቃል ቤተሰብን ስለሚያስደነግጥ ላብራራው። ወላጃቸው ስኪዞፍሬኒያ ካለበት 100 ልጆች የሚታመሙት ወደ 10 የሚጠጉ ናቸው። እንግዲህ 90ዎቹ ገደማ በዚህ ሕመም አይያዙም ማለት ነው። የታመመ ወንድም አላቸው ተብለው እጮኛ የቀረባቸውን እኅቶች አውቃለሁ። «የእኅቶቹ ትዳር እንዳይበላሽ» ተብሎ ጓዳ ውስጥ የተደበቀ ወንድምም አውቃለሁ።

ወደ ወጣቱ ልመለስ። ድምፅ ከሰማበት ቀን አንሥቶ ሕክምና ቤት እስከደረሰበት ቀን ድረስ ዓመታት አልፈዋል። በእነዚያ ዓመታት ቤተሰቡ ተኝቶ አልከረመም። እናቱ ወርቃቸውን ሸጠዋል። አዋቂ ቤት ተሂዷል፣ ገብስማ ዶሮ ታርዷል፣ ክታብ ተይዟል። ጠበል ወርዷል። አባትየው ሠርተው አዳሪ ናቸው፤ ቀን ከቤት ሲወጡ ልጁ መንገድ ለመንገድ እንዳይጠፋባቸው እግሩን ከአልጋው ጋር ያስሩት ነበር። ማታ ሲመለሱ ፈትተው እግሩን በሞቀ ውኃ ያጥቡታል። ይህንን ሲነግሩኝ ቀና ብለው ሊያዩኝ አልቻሉም። እኒህን አባት የሚኮንን አንደበት የለኝም። ልጃቸውን የሚጠብቅላቸው ሰው፣ መድኃኒቱን የሚነግራቸው ሰው አጥተው ነው ገመድ የያዙት። የልጁ ቁርጭምጭሚት ላይ የቀረው ጠባሳ ግን ከሕመሙ የመጣ አይደለም።

ስለ ጠበል በግልጽ ልናገር፤ ብዙዎቻችሁ እየጠበቃችሁኝ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ጠበልን አልቃወምም። የታመመ ሰው ጸሎት፣ ተስፋ፣ «አይዞህ» የሚል ካህንና ምእመን ያስፈልገዋል፤ ጠበል ቦታ ላይ ይህንን ያገኛል። ከሕክምና ቤት ወረፋ ይልቅ እዚያ ሰው ሆኖ የሚቀበሉት ጊዜ ብዙ ነው፤ ይህንን ማመን አለብን። የምቃወመው ሁለት ነገር ነው፦ መድኃኒት ማስቆምንና ሰንሰለትን። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ስለ ኤች አይ ቪ ሕሙማን ሲናገሩ፣ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑና ሁለቱን አብሮ መውሰድ ኃጢአት እንዳልሆነ በይፋ አስተምረዋል። ያ ቃል የስንት ሰው ሕይወት እንዳተረፈ አስቡት። ለአእምሮ ሕሙማንም የሚለወጥበት ምክንያት አይታየኝም። የእስልምና አባቶቻችንም ቁርኣን ከሚቀሩበት ቦታ ታማሚን ወደ እኛ ሲልኩልን አያለሁ፤ ምስጋናዬ ትልቅ ነው።

ሌላው የመዘግየት ምክንያት ርቀት ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተመሠረተው የአማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ አሥርት ዓመታት በአገሪቱ የአእምሮ ሕክምና ብቻ የሚሰጥ ብቸኛ ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። ከሐረርም ከጎንደርም ከጅማም ታማሚ በአውቶቡስ፣ አንዳንዴም እጁ ታስሮ፣ ወደ አንድ በር ይመጣ ነበር። የአእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪም አገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው እንኳ በ2003 እ.ኤ.አ. ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ። ከዚያ በፊት በዚህ ሙያ መሠልጠን የፈለገ ሐኪም ባሕር ማዶ መሄድ ነበረበት።

አሁን ይህንን ንግግር እንዳደርግ ወደገፋፋኝ ነገር ደረስኩ። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘውን ቡታጅራን ታውቋታላችሁ። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ የእኛው አገር ተመራማሪዎች በዚያ አካባቢ ቤት ለቤት እየዞሩ ከ68,000 በላይ ሰዎችን ጠየቁ። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ለይተው ለዓመታት ተከታተሏቸው። ካገኟቸው ሕሙማን አብዛኞቹ ከዚያ በፊት ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው አያውቁም ነበር። ተመራማሪዎቹ ቆጥረው፣ መድኃኒት ሰጥተው፣ ጽፈው አልሄዱም፤ ዓመት በዓመት እየተመለሱ «እገሌ እንዴት ነው?» እያሉ ጠየቁ።

919 ሰዎችን ለ10 ዓመት ተከታትለው 121ዱ እንደሞቱ አወቁ። በአካባቢው ከሚኖረው ከሌላው ሕዝብ ጋር ሲነጻጸር ሞቱ እጥፍ ነው። የሞቱትም ሊኖሩ ከሚችሉት ዕድሜ 30 ዓመት ያህል ቀድመው ነው። 30 ዓመት! ልጅ ድሮ የልጅ ልጅ የሚያሳይ ዕድሜ ነው። በምን ሞቱ? ሰው ይህንን ሲሰማ ራሳቸውን አጥፍተው ይመስለዋል። በእርግጥ በዚያም፣ በአደጋም፣ በሰው እጅም የሞቱ አሉ። ግማሽ ያህሉ የሞቱት ግን በተላላፊ በሽታ ነው። ማንም ሰው በሚታከምበት በሽታ።

ይህ እንዴት እንደሚሆን በዓይኔ ስላየሁት ልንገራችሁ። አንድ ታማሚ ያስላል። ለቤተሰቡ «ደረቴን ያመኛል» ይላል። ቤተሰቡ «ዛሬ ደግሞ ሌላ ጀመረው» ይላል። ጤና ተቋም ይወሰዳል፤ ካርዱ ላይ የአእምሮ ታማሚ መሆኑ ተጽፏል፤ ያየው ባለሙያ ደረቱን ሳያዳምጥ «ክትትል ወዳለህበት ሂድ» ይለዋል። እኛ ጋር ሲደርስ እንቅልፉንና ድምፁን እንጠይቀዋለን፤ ሳሉን አንጠይቅም። የሳንባ ነቀርሳ መሆኑ የታወቀው ሰውነቱ ካለቀ በኋላ ነው። ሦስት ቦታ «አሞኛል» ብሎ ተናግሯል፤ ሦስቱም ቦታ ቃሉ አልተቆጠረለትም። ስለዚህ የምለምናችሁ ይህ ነው፦ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው «ጥርሴን»፣ «ሆዴን»፣ «ደረቴን» ካለ፣ ሌላው የቤተሰብ አባል ቢል የምታደርጉትን ሁሉ አድርጉለት። ለሙያ ባልደረቦቼም ይህንኑ በየስብሰባው እላለሁ።

ሌላም ነገር ከዚያው ከቡታጅራ ተምረናል። ሕሙማኑ መድኃኒታቸውን ለምን እንደሚያቋርጡ ሲጠየቁ፣ የጎንዮሽ ጉዳት፣ የገንዘብ እጥረት፣ «ድኛለሁ» የሚል እምነት ተጠቅሷል። ከእነዚህ ጋር ደግሞ ማናችንም ያላሰብነው መጣ፤ ረኃብ። አንዳንዱ መድኃኒት የምግብ ፍላጎትን በጣም ይጨምራል። ጠዋት የዋጠው ሰው ረፋድ ላይ አንጀቱ ይታጠፋል፤ ቤት ውስጥ ግን ከአንድ እንጀራ በላይ የለም። ስለዚህ መድኃኒቱን ይተወዋል። «መድኃኒቱን ስጡኝ፣ ምግቡንስ ማን ይሰጠኛል?» ይላል። እኛ ካርዱ ላይ «መድኃኒት ለመውሰድ ፈቃደኛ አይደለም» ብለን እንጽፋለን።

ያ ወጣት በመጨረሻ ሕክምና ጀመረ። ነገሩ ተአምር አልነበረም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንቅልፉ ተመለሰ፤ ድምፆቹ ለመደብዘዝ ሳምንታት ወሰዱ። ምራቁ ይዝረከረክ ጀመር፤ ጡንቻው ተገተረ፤ እጁ ተንቀጠቀጠ። እናቱ «ልጄን ገደላችሁት» ብለው ጮኹብን። መጠኑ ተስተካከለ፣ ለግትርነቱ ሌላ ክኒን ተጨመረ፣ ነገሩ ቀለለ። በኋላ በየቀኑ ከመዋጥ በወር አንድ ጊዜ የሚወጋው መርፌ ተመቸው። በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ መድኃኒቱ ውድ አይደለም። የዚህ ዓይነት መድኃኒቶች የመጀመሪያው፣ ክሎርፕሮማዚን፣ ፈረንሳይ ውስጥ ለአእምሮ ሕሙማን መሰጠት የጀመረው በ1952 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዛሬም እኛው አገር በርካሽ ይገኛል። ከ70 ዓመት በላይ የኖረ ክኒን ነው፤ ያ ልጅ ግን ይህ እያለ በአልጋ ታስሮ ኖሯል።

ከተሻለው በኋላስ? ትምህርቱን መቀጠል አልቻለም። የአያቱ ቤት ሲሸጥ ድርሻው ለወንድሙ ተሰጠ፤ «እሱ ምን ያደርግበታል?» ተባለ። ሰርግ ሲኖር ቤት ጠባቂ ሆኖ ይቀራል። አንድ ቀን እናቱን ይዞ ለክትትል መጥቶ ሳለ፣ እኔም እንደ ልማዴ ወደ እናቱ ዞሬ «ይበላል? ይተኛል?» ስል አቋረጠኝ። «ወንድሜ፣ 'በላ ወይ?' ሲባል ነው የምሰማው። 'በላህ ወይ?' ያለኝ ሰው የለም» አለኝ። ከዚያ ወዲያ የማናግረው እሱን ነው። እናቱ የሚጨምሩት ካለ እሱ ፈቅዶላቸው ይጨምራሉ።

ዛሬ አንድ ወፍጮ ቤት ውስጥ እህል ይመዝናል። ባለቤቱ መጀመሪያ ፈርተው ነበር፤ ሒሳብ ላይ ከሁሉ የታመነ ሠራተኛቸው እሱ መሆኑን አሁን ራሳቸው ይናገራሉ። ድምፁ ሙሉ በሙሉ አልተወውም፤ ሲደክመው በሩቁ ይሰማዋል፤ የሕመሙ ድምፅ መሆኑን ስለሚያውቅ አይረበሽም። ይህ እኔ «ዳነ» የምለው ሰው ነው። ሰው ሁሉ እንዲህ ይሆናል አልላችሁም፤ በመድኃኒትም ብዙ የማይሻላቸው አሉ። እነሱም ቢሆኑ ምሳና ሰላምታ ይገባቸዋል።

«አደገኛ አይደሉም ወይ?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል። ሳይታከም በከባድ ፍርሃት ውስጥ ያለ ሰው፣ በተለይም መጠጥ ወይም ሌላ ሱስ ሲታከልበት፣ ሊማታ ይችላል፤ ይህንን መደበቅ አያስፈልግም። በጥቅሉ ሲታይ ግን የአእምሮ ሕሙማን ሰውን ከሚመቱበት ይልቅ በሰው የሚደበደቡበት ጊዜ ይበዛል። ጎዳና ላይ ያሉትን ተመልከቱ፤ ድንጋይ የሚወረወረው በማን ላይ ነው? በሴቶቹ ላይ ሌሊት የሚደርሰውን ደግሞ እናንተም ታውቃላችሁ። መቄዶንያን የመሰሉ ማዕከላት ከጎዳና አንሥተው ያጠቧቸውን፣ ያለበሷቸውን ሳይ ሥራቸውን አከብራለሁ። ያ ሰው ጎዳና ከመውጣቱ በፊት ግን በአንዱ ሠፈር፣ በአንዱ እድር ውስጥ ነበር።

ከአረብ አገር ስለሚመለሱ እኅቶቻችንም አንድ ነገር ልበል። በ2013 እና በ2014 እ.ኤ.አ. ከሳዑዲ ዓረቢያ ብቻ ከ160,000 በላይ ወገኖቻችን በጥቂት ወራት ውስጥ ተመልሰዋል፤ ከዚያ ወዲህም መመለሱ አልተቋረጠም። ደመወዝ ተከልክላ፣ እንቅልፍ ተነፍጋ፣ ተደብድባ፣ ከዚያም የከፋ ደርሶባት የምትመለስ ልጅ አለች። ቤት ስትደርስ የሚቀበላት የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ይዘሽ መጣሽ?» ከሆነ የደረሰባትን ለማን ትናገራለች? ሌሊት እየባነነች ብትጮኽ፣ በር ሲንኳኳ ብትደነግጥ፣ ሰው ብትሸሽ «ዛር ሰፈረባት» አንበል። ያየችው መከራ ነው ያልለቀቃት፤ ይህም ይታከማል። እስክትናገር ጊዜ ስጧት፤ በሰው ፊት አታስነግሯት።

ከንግግሩ በኋላ ከተነሡት ጥያቄዎች ሦስቱን እዚህ ላይ አስፍሬያለሁ።

አንድ እናት፦ «ልጄ 'አላመመኝም፣ ሐኪም ቤት አልሄድም' ይላል። አስገድጄ ልውሰደው?»

እናቴ፣ አለመታመሙን ማመኑ ራሱ የሕመሙ አንድ ክፍል ነው፤ እልከኛ ሆኖ አይደለም። እሱ «አሞኛል» የሚልበትን ነገር ይፈልጉ። ድምፁን ቢክድ እንቅልፍ ማጣቱን አይክድም። «እንቅልፍ አጥተሃል፣ ስለ እንቅልፍህ እናማክር» ይበሉት። የሚያከብረውን ሰው ይጥሩ፤ አጎት ይሁን፣ የንስሐ አባት ይሁን፣ የድሮ አስተማሪ ይሁን። «ገበያ እንሄዳለን» ብለው አታልለው አይውሰዱት፤ አንዴ ካታለሉት ሁለተኛ አያምንዎትም። ራሱን ወይም ሰውን ሊጎዳ ከተቃረበ ግን ጊዜ የለም፤ ሰው ይዘው፣ ሳይመቱት፣ ሳያንገላቱት ወደ ድንገተኛ ክፍል ያድርሱት። እሱ ባይመጣ እንኳ እርስዎ ብቻዎን መጥተው ሊያማክሩን ይችላሉ።

አንድ ወጣት፦ «ጫት ያሳብዳል የሚባለው እውነት ነው?»

የሚቅም ሁሉ አይታመምም። አብዝቶ የሚቅም፣ ሌሊቱን ሳይተኛ የሚያነጋ ሰው ግን ጥርጣሬና ድምፅ መስማት ሊመጣበት ይችላል፤ ይህንን በክሊኒክ በተደጋጋሚ እናያለን። ከዚህ በፊት የታመመ ወይም በቤተሰቡ ውስጥ ይህ ሕመም ያለበት ሰው ጫትም ካናቢስም ባይነካ ይሻለዋል። መድኃኒት ጀምሮ ጫቱን ያልተወ ሰው ሕመሙ ቶሎ ያገረሽበታል። ወንድምህ ወይም ጓደኛህ ቢሆን፣ ሲቅም ስላየኸው ብቻ ከሕክምናው አታግደው፤ ሁለቱንም ይዞ ይምጣ።

የእድሩ ዳኛ፦ «እድራችን የቀብር እድር ነው። እኛ ምን ልንሠራ እንችላለን?»

ጋሼ፣ ብዙ። በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ በዚያው በቡታጅራ አካባቢ የተሠራ ጥናት አለ። ሕመማቸው የተረጋጋላቸውን ሰዎች በቅርባቸው ያለ ጤና ጣቢያ ውስጥ የሠለጠኑ ተራ የጤና ሠራተኞች ቢከታተሏቸው፣ በአእምሮ ሕክምና ነርስ ከሚደረገው ክትትል ያነሰ ውጤት እንደሌለው አሳይቷል። ስለዚህ ክትትሉ ወደየሠፈሩ ሊመጣ ይችላል ማለት ነው፤ የሚቀረው ሰውየው ሳያቋርጥ እንዲሄድ ማድረግ ነው። እሱ ደግሞ የእድር ሥራ ነው።

አባሎቻችን ውስጥ የአእምሮ ታማሚ ያለበት ቤት መዋጮ ሲያሳልፍ፣ ለቅሶ ሲቀር እንቀጣለን። ያ ቤት የቀረው ታማሚውን የሚጠብቅለት ሰው አጥቶ ነው። ቅጣቱ ይነሣ። ለቅሶ ሲኖር ሁለት አባላት ተራ ገብተው ታማሚውን ይጠብቁ፤ ቤተሰቡ እንዲወጣ። የቤቱ የጤና መድህን መታወቂያ መታደሱን በየዓመቱ አንድ ሰው ያረጋግጥ። በክትትል ቀን የሚያደርሰው ሰውና የትራንስፖርት ገንዘብ፣ መርፌ በሚወሰድበት ሳምንት ደግሞ የተወሰነ እህል ከእድሩ ገንዘብ ይመደብ። ድንኳን ስንተክል፣ ወንበር ስናወጣ የተሻላቸውን እንጥራቸው፤ ከሌላው ሠራተኛ እኩል ይከፈላቸው። ሌላ በጀት ከመጠየቃችን በፊት ባለን ገንዘብ ይህን ያህል እንችላለን። በሚቀጥለው ጉባኤ በአጀንዳ ይያዝልኝ፤ በመተዳደሪያ ደንባችን ላይ የሚጨመረውን አንቀጽ ረቂቅ ጽፌ አመጣለሁ።